የሂዲሊንን ዓመታት እንደገና እንቁጠር፦ ለጋሼ የተጻፈ ምላሽ

ጋሼ፣ ስምዎን አልጠራም። በሐዋሳ ስፖርት አካባቢ ያለፈ ሰው ሳልጠራዎትም ያውቅዎታል። እኛ ልጆች ሆነን የታቦርን ተራራ ስንወጣ ሰዓት ይዘው ከታች የሚጠብቁን እርስዎ ነበሩ። መጨረሻ የወረደ ልጅ እንኳ «አይዞህ» ሳይባል ቤቱ አይገባም ነበር። ስለዚህ «ለአንድ ወርቅ አሥራ ስድስት ዓመት» የሚለውን ጽሑፍዎን ሳነብ ግራ ገባኝ እንጂ አልተናደድኩም። ንዴቱ የመጣው በሳምንቱ ነው። ብረት ማንሳት ከማሠለጥናቸው አሥራ አንድ ሴት ልጆች ሦስቱ መምጣት አቆሙ። የአንዷን እናት ቤታቸው ሄጄ ስጠይቃቸው «ጋሼ ራሳቸው ጽፈውት የለ እንዴ!» ብለው ወረቀቱን ከመሶቡ ሥር አውጥተው አሳዩኝ።

ላላነበበው ሰው ባጭሩ ልንገረው። ጽሑፉ የሚነሳው ከፊሊፒንሷ ክብደት አንሺ ከሂዲሊን ዲያዝ ነው። አሠልጣኞች የእሷን ታሪክ እንደ ተረት እያወራን ልጃገረዶችን እናማልላለን ይላል። ሴትዮዋ ለአንድ ወርቅ ዕድሜዋን ጨርሳለች፣ ወርቁም የዕድል ነገር ነው፣ መጨረሻዋም አላማረም ይላል። ቀጥሎ ወደኛ ይመለስና ብረት የሴትን ማህፀን ይጎዳል፣ ቁመት ያስቀራል፣ ስፖርቱ ራሱ በአበረታች መድኃኒት የተበከለ ነው፣ እኛ ደግሞ የሩጫ ሕዝብ ነን ብሎ ይዘጋል። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እርስዎ እንደጻፉት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከቆጠራው እንጀምር። «ከ2008 እስከ 2024፣ ውጤት፦ አንድ ወርቅ» ብለዋል። በቤጂንግ 2008 ሂዲሊን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሜዳሊያ ታመጣለች ብሎ የጠበቃት የለም። ለንደን 2012 ላይ በመክፈቻው የአገሯን ባንዲራ ይዛ ገባች። በውድድሩ ግን ከሁለቱ የማንሳት ዓይነቶች በሁለተኛው ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስቱንም ሳተች፤ በውጤት ሰንጠረዡ ከስሟ ፊት ድምር የለም። ሪዮ 2016 ላይ የብር ሜዳሊያ አገኘች። በ2018 የጃካርታ የእስያ ጨዋታዎች ወርቅ ወሰደች። ከዚያ የቶኪዮው ወርቅ መጣ። በ2022 ቦጎታ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ በሁለቱ የማንሳት ዓይነቶች፣ ማለትም በስናችና በክሊን ኤንድ ጀርክ፣ እንዲሁም በሁለቱ ድምር ሦስት ወርቅ ይዛ ወጣች። ይህን ሁሉ «አንድ ወርቅ» ያሰኘዎት ኦሎምፒክን ብቻ መቁጠርዎ ነው። እሱም ይሁን፤ ግን እኮ የእኛን ሯጮች ስንቆጥር የዓለም ሻምፒዮናውን አንተውም።

የክብደት አንሺ ዓመታት የሚቆጠሩት ግን በሜዳሊያ ብቻ አይደለም፤ በኪሎም ይቆጠራሉ። ሪዮ ላይ በ53 ኪሎ ምድብ በስናች 88፣ በክሊን ኤንድ ጀርክ 112፣ በድምሩ 200 ኪሎ አነሳች። ቶኪዮ ላይ በ55 ኪሎ ምድብ 97 እና 127፣ በድምሩ 224 አነሳች። ሰውነቷ የጨመረው ሁለት ኪሎ ያህል ነው፤ ብረቱ የጨመረው ሃያ አራት። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ አንሺ በዓመት አንድ ኪሎ ከጨመረ ድግስ ይደግሳል። እሷ ይህን ያደረገችው ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ ዓመቷ ድረስ ነው፤ እርስዎ «ዕድሜዋን ጨረሰች» በሚሉበት ጊዜ ማለት ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ጥፋት ልመን። አሠልጣኞች ለንደንን ዘለው ቶኪዮን ብቻ ያወራሉ ያሉት እውነት ነው፤ እኔም ከእነሱ አንዷ ነኝ። ለልጆቼ ወርቁን አሳይቼ ሦስቱን ስህተት ሳልነግራቸው ዓመት አልፎኛል። ልጆቹ የመጀመሪያ ኪሏቸውን ሲስቱ ለምን እንዲያ ይሰበሩ እንደነበር የገባኝ ከጽሑፍዎ በኋላ ነው። ለዚህስ አመሰግናለሁ።

ቀጣዩ ዕድል ያሉት ነው። «በሪዮ ቻይናዊቷ ባትወድቅ ኖሮ ብሩም አይኖርም ነበር» ብለዋል። ጨዋታው እንዴት እንደሚቆጠር ካልተናገርን ይህን መፍረድ አይቻልም።

አንድ አንሺ በስናች ሦስት፣ በክሊን ኤንድ ጀርክ ሦስት ዕድል አላት። ስናች ማለት ብረቱን ከመሬት በአንድ ጉልበት ከራስ በላይ ማድረስ ነው። በሌላኛው መጀመሪያ ትከሻ ላይ ታሳርፈዋለች፤ ከዚያ እግሯን ከፍታ ወደ ላይ ትገፋዋለች። ስሟ ሲጠራ አንድ ደቂቃ ይሰጣታል። ሦስት ዳኞች አሉ፤ ሁለቱ ነጭ መብራት ካላበሩ አላነሳችም። ብረቱ ላይ ኪሎ ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። ስለዚህ ስንት ኪሎ ልጀምር ማለት የግማሽ ውድድሩ ያህል ነው፤ ዝቅ ብላ ከጀመረች ተፎካካሪዎቿ ይርቋታል፣ ከፍ ብላ ጀምራ ሦስቴ ከሳተች ደግሞ ባዶዋን ትመለሳለች።

በሪዮ ቻይናዊቷ ሊ ያጁን በስናች 101 ኪሎ አንስታ እየመራች ነበር። በክሊን ኤንድ ጀርክ ግን ሦስቱንም ሳተች። ሂዲሊን የራሷን 112 አነሳች፤ ከደቡብ ኮሪያዋ ዩን ጂን-ሂ በአንድ ኪሎ በልጣ ብሩን ወሰደች። ይህን ዕድል ካልነው የለንደኑን ምን እንበለው? በለንደን ለሂዲሊን ያልራራው ሕግ በሪዮ ለሊ ያጁን አልራራም። ያው ሕግ ነው። አራት ዓመት ሙሉ «ከፍ ብዬ ከጀመርኩ ምን ይከተላል» የሚለውን ጥያቄ በሥጋዋ ታውቀው የነበረችው ሂዲሊን ናት።

ቶኪዮ ላይ ደግሞ የወደቀላት ሰው የለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 26 ቀን 2021፣ ከስናች በኋላ ሂዲሊንና ቻይናዊቷ ሊያው ቺዩዩን እኩል 97 ላይ ነበሩ። ሊያው የመጨረሻውን 126 አነሳችና 223 ላይ ቆመች። ሂዲሊን የቀራት አንድ ሙከራ ነው። አሠልጣኞቿ 127 አስጫኑ። አነሳችው፤ 224፣ የምድቡ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን። ልዩነቱ አንድ ኪሎ ነው፤ ከፒያሳ ጥግ የምንገዛው አንድ ኪሎ ሙዝ። ፊሊፒንስ ኦሎምፒክ መካፈል ከጀመረች ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያ ወርቋ በዚያ አንድ ኪሎ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከዚያ በፊት የነበረውን ዓመት ጽሑፍዎ በአንድ መስመር አልፎታል። በ2020 መጀመሪያ ለልምምድ ማሌዥያ ሄደች፤ ኮቪድ መንገዱን ሁሉ ዘጋና እዚያው ቀረች። ጂም ሲዘጋባት ትልልቅ የውሃ መያዣ ከቀርከሃ ጫፍና ጫፍ አንጠልጥላ ስናች ትሠራ ነበር። ልጅ ሆናም በአገሯ የጀመረችው ሲሚንቶ ተሞልቶ በተሠራ ክብደት ነው። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው አንዳቸውም አልደነቃቸውም፤ ተያይተው ሳቁ። የእኛም ብረት የቀለም ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተን በውሃ ቧንቧ ያያያዝነው ነውና። አንድ ቀን በእህል ሚዛን ብናስመዝነው አንዱ ጫፍ 9 ኪሎ ተኩል፣ ሌላው 10 ተኩል ወጣ። አንዲት ልጄ ለወራት «ግራ እጄ ሰነፍ ነው» ስትል ከርማለች፤ ለካ ጥፋቱ የጣሳው ነው።

«መጨረሻዋ አላማረም» ላሉት መልሴ አጭር ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ለፓሪስ 2024 የሴቶች ምድብ ከሰባት ወደ አምስት ሲቀነስ የእሷ 55 ኪሎ ከተሰረዙት አንዱ ሆነ። ወደ 59 ወጣች። በአንድ ምድብ ከአንድ አገር የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ቦታውን በዕድሜ የምታንሳት የአገሯ ልጅ ኤልሪን አንዶ ወሰደችው። ሠላሳ ሦስት ዓመት የሆናት ሻምፒዮን ከአገሯ በወጣች ወጣት ተሸንፋ ቀረች። እርስዎ ስንት ሯጭ አሠልጥነው ከመካከላቸው ታናሹ ታላቁን ሲያልፍ በደስታ አላጨበጨቡም? እኔ አይቼዎታለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሦስቱን ልጆች ያስቀረብኝ ስለ ማህፀን የጻፉት ነው።

«ሴት ልጅ ከባድ ነገር ማንሳት የለባትም፤ ማህፀኗ ይወርዳል» ብለዋል። ጋሼ፣ በከተማችን ዙሪያ የማያነሳ የሴት ትከሻ የት አለ? ሃያ አምስት ሊትር ጀሪካን ውሃ ብቻውን ሃያ አምስት ኪሎ ነው። እሱን አዝላ ዳገት የምትወጣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሲያዩ ብዕር አላነሱም። በሲዳማ ገጠር እንሰቱን የሚፍቁት፣ የሚጨምቁት፣ ዋሳውን (ቆጮውን) ተሸክመው ገበያ የሚያወጡት ሴቶች ናቸው። የማህፀን መውረድ በአገራችን እውነተኛ ችግር መሆኑን አልክድም። ሐኪሞች ምክንያቱ ምንድን ነው ሲባሉ የሚጠሩት የወሊድ መደጋገምን፣ የተራዘመ ምጥን፣ ወልዳ ሳታገግም ሸክም መጀመርን፣ የምግብ እጥረትን ነው። እዚያ ዝርዝር ላይ የሸክም ስም አለ፤ ግን የትኛው ሸክም? ጎንበስ ብላ፣ ደክማ፣ ያለ ዕረፍት፣ ማንም ሳያስተምራት የምትሸከመው ሸክም ነው። ብረት ቤት የመጣች ልጅ መጀመሪያ የምትማረው ባዶ ቱቦ ይዛ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ በእግሯ ጉልበት መነሳት ነው። አንዷ ልጄ እቤቷ ጀሪካን የምታነሳበትን መንገድ መቀየሯን እናቷ ናቸው የነገሩኝ። ቅሬታ አድርገው ነው ያቀረቡልኝ፦ «እንደ ወታደር ቁጢጥ ብላ ነው የምትነሳው!»

እውነቱን ሙሉ ለመናገር፣ በጣም ከባድ ክብደት የሚያነሱ አንዳንድ ሴቶች በጉልበቱ ሰዓት ሽንት ሊያመልጣቸው ይችላል። ይህን ከልጆች መደበቅ አይገባም። ከማህፀን በታች ያሉት ጡንቻዎችም እንደ ጭን ጡንቻ ይሠለጥናሉ፤ አተነፋፈስም ይስተካከላል፤ ችግር ያየች ልጅ አፍራ ዝም እንዳትል ማድረግ የአሠልጣኝ ሥራ ነው። በሌላ በኩል በመጠኑ የሚጨመር ክብደት አጥንት ያጠነክራል፤ ይህ ደግሞ ለሴት ልጅ በእርጅናዋ የሚከፈላት ብድር ነው።

ቁመት ያስቀራል ላሉት፦ ሂዲሊን አጭር ናት፣ 1 ሜትር ከ50 አትሞላም። ያሳጠራት ግን ብረቱ አይደለም። በአንድ የኪሎ ምድብ ውስጥ አጭሯ ብረቱን የምትገፋበት ርቀት ያንሳል፤ ስለዚህ አጫጭሮቹ ይዘልቃሉ። ቅርጫት ኳስም ሰውን አያስረዝምም፤ ረጃጅሞቹን ይመርጣል እንጂ። በከባዱ ምድብ በቶኪዮ ወርቅ የወሰደችው ቻይናዊቷ ሊ ዌንዌን ከአብዛኛው የሐዋሳ ወንድ በላይ ረጅም ናት። «ወንድ መሳይ ሆና ትቀራለች» ያሏትንም አልፈዋለሁ። ሂዲሊን ወርቁን ባገኘች ልክ በዓመቱ፣ በዚያው ቀን አግብታለች፤ ግን ማግባቷን ማስረጃ አድርጌ አላቀርበውም። ባታገባስ?

ጉዳትን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ጎድሎዎታል፤ እኔ ብሆን ጽሑፉን የምጽፈው በእሱ ላይ ነበር። በትክክለኛ ብረት ላይ ልጅቷ ስትስት ለቃው ወደ ኋላ ትሸሻለች። ክብደቶቹ ጎማ ናቸው፣ ወለሉ እንጨት ነው፣ ብረቱ ወድቆ ይነጥራል። መሳት ታስቦበታል ማለት ነው። የሴቶች ዘንግ 15 ኪሎ ነው፤ ከወንዶቹ 20 ኪሎ ዘንግ ይቀጥናል፣ ለሴት እጅ እንዲጨበጥ። እኛ ጋ ሲሚንቶው ከወደቀ ይሰበራል፤ ስለዚህ ልጆቹ ሲስቱ እንኳ ብረቱን ይዘው ቀስ ብለው ማውረድ አለባቸው። አደጋው ያለው እዚያ ላይ ነው። አሮጌ የመኪና ጎማ ደርድረን ለጊዜው ተገላግለናል። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ ከባድ ብረት ላይ መልቀቅን ሳልማር የእጅ አንጓዬን ያስጎዳኝ አሠልጣኝ ነበር። ስሙን አላነሳም፤ እሱም ያስተማረው ሰው አልነበረም። ይህን ቢጽፉልን ምናልባት የጎማ ክብደት የሚገዛልን ሰው እናገኝ ነበር።

የመድኃኒቱን ነገር በተመለከተ አልከራከርዎትም፤ እንዲያውም እጨምርልዎታለሁ። ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ክብደት ያነሱት ሲድኒ 2000 ላይ ነው። የመጀመሪያው ወርቅ፣ የ48 ኪሎው፣ ለቡልጋሪያዋ ኢዛቤላ ድራግኔቫ ተሰጥቶ በምርመራ ተወሰደ፤ አሜሪካዊቷ ታራ ኖት ተተካች። የለንደን 2012 የ75 ኪሎ ምድብ የባሰ ነው። በመድረኩ የቆሙት የካዛኪስታን፣ የሩሲያና የቤላሩስ ሴቶች ሦስቱም ከዓመታት በኋላ ሜዳሊያቸውን ተነጠቁ። አራተኛ ሆና የነበረችው ስፔናዊቷ ሊዲያ ቫለንቲን ወርቅ፣ አምስተኛዋ ግብፃዊቷ አቢር አብደልራህማን ብር፣ ስድስተኛዋ የካሜሩኗ ማዲያስ ንዜሶ ነሐስ ደረሳቸው። ሁለቱ የአፍሪካ ልጆች ናቸው። ከእስያም፣ ከአውሮፓም ጋር ተሰልፈው አምስተኛና ስድስተኛ ተብለው፣ ባዶ እጃቸውን አገራቸው ገብተው ነበር። እርስዎ የስፖርቱን ቆሻሻ ሲቆጥሩ የተዘረፉትን ረሱ። ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሩጫችን ከዚህ ነገር ንጹሕ ነው ብለው አይምሉልኝም መቼም።

«የሩጫ ሕዝብ ነን።» ከ1960 የሮም ኦሎምፒክ ጀምሮ ያገኘናቸው ሜዳሊያዎች ሁሉ የአትሌቲክስ ናቸው፤ ልክ ነዎት። ፊሊፒንስም እስከ ሪዮ ድረስ በኦሎምፒክ ስሟ የሚነሳው ከሁሉ በላይ በቦክስ ነበር። ኮሎምቢያን ይመልከቱ፦ የመጀመሪያዋን የኦሎምፒክ ወርቅ ያመጣችው በ75 ኪሎ ምድብ ማሪያ ኢዛቤል ኡሩቲያ ናት፣ ሲድኒ ላይ። ከዚያ በፊት በሴኡል 1988 አሎሎና ዲስከስ ወርዋሪ ነበረች። ሲድኒ ላይ ሦስት ሴቶች እኩል 245 ኪሎ አነሱ፤ ወርቁ በሰውነቷ ክብደት ለቀለለችው ለኡሩቲያ ሆነ፣ ብሩ ለናይጄሪያዋ ሩት ኦግቤይፎ። ግብፃዊቷ ሳራ ሰሚር ደግሞ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ሒጃቧን ለብሳ ሪዮ ላይ ነሐስ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ ብር ወሰደች። በመካከሉ ቶኪዮ አልፏታል፤ የአገሯ ፌዴሬሽን በሌሎች የመድኃኒት ጥፋት ታግዶ ስለነበር። ጠብቃ ተመለሰች።

ደግሞ ክብደት አንሺ ሲባል ሁላችንም ግዙፍ ሰው ነው በሐሳባችን የሚመጣው። ሕንዳዊቷ ሚራባይ ቻኑ ቶኪዮ ላይ ብር ያገኘችው በ49 ኪሎ ምድብ ነው፤ በድምሩ 202 ኪሎ አንስታ። አርባ ዘጠኝ ኪሎ የእርስዎ የአምስት ሺህ ሜትር ልጆች ሚዛን ነው። «የሩጫ ሕዝብ ነን» ብለው ያቀረቡትን ክርክር ከእሷ ፊት ቢያስቡት ደስ ይለኛል። ከቶኪዮ በፊት ሪዮ ላይ ከሂዲሊን የለንደን ውድቀት ጋር የሚመሳሰል ውድቀት ወድቃ እንደነበርም ይጨምሩበት።

ልጆቼ ሁሉ ሂዲሊን ይሆናሉ ብዬ አላውቅም። አንዷ ነርስ መሆን ትፈልጋለች፣ አንዷ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ከምሽት ፈረቃ ወጥታ ነው የምትመጣው። ሦስቱ የቀሩት ደግሞ ከመካከላቸው ጎበዞቹ አልነበሩም፤ አንዷ እንዲያውም ከዘንጉ ይልቅ ወሬ ታነሳ ነበር። ቢሆንም ባዶ ቦታቸው ይታየኛል።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐዩ ሐይቁን ሳያሞቀው፣ የውስጥ ውድድር አለን። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ 40 ኪሎ በስናች ትሞክራለች፤ ከዚህ በፊት ሁለቴ ስታዋለች። ጣሳዎቹን ዳግም አስመዝነናል፣ አሁን እኩል ናቸው። ቡና አፈላለሁ። ዳኛ ሦስት መሆን አለበት፤ እኛ ያለን ሁለት ነው። ነጭ ጨርቅና ቀይ ጨርቅ አዘጋጅቼልዎታለሁ፤ ካላነሳች ቀዩን ያንሱ፣ አላዝንብዎትም።